የኖይዝ ላይቭ ቅጂ ለምን ይጥማል? ክርክሩና 29 መልሶቹ

ኢንተርኔት ላይ ይህን የውይይት ክር ስከፍት ጥያቄ አስመስዬ ያቀረብኩት አቋሜን ነበር። ኖይዝ፣ ማለትም ያለ ዜማና ያለ ምት ከጫጫታ የሚሠራውን ሙዚቃ የምትሰሙ ሰዎች፣ ደጋግማችሁ የምትመለሱት ወደ ስቱዲዮው ሥራ ነው ወይስ ወደ ላይቩ? እኔ ወደ ላይቩ ነው። ላይቭ ስል ድምፆቹ ከሚቀላቀሉበት ከሚክሰሩ በገመድ የተወሰደውን ጥርት ያለ ቅጂ አይደለም፤ ተመልካቹ መሀል የቆመ ሰው በእጁ በያዘው መቅረጫ ያስቀረውን ነው። ዘፈን ሲቀዳ የአዳራሹ ማስተጋባት ያስቸግራል፤ ግጥሙን ይውጠዋል፣ ዜማውን ያደበዝዘዋል። ኖይዝ ውስጥ ግን የሚዋጥ ግጥም የለም። ድምፁ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ አብሮ ሲንቀጠቀጥ፣ ማይኩ ከአቅሙ በላይ የመጣበትን መሸከም ሲያቅተው የሚወጣው ነገር ራሱ ሥራው ነው። ለዚህም ጃፓኖቹን ጠቀስኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ኪዮቶ ላይ የተነሳውን ሂጆካይዳንን፣ አንደኛው አባሉ ቀን ቀን ባንክ እየሠራ መድረክ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው የሚሆነውን ኢንካፓሲታንትስን። የሁለቱንም ላይቭ ሰምቶ የስቱዲዮውን የሚመርጥ ሰው ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ አልኩ።

መልስ 1 በትሕትና የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ኖይዝ የሚባል ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ጽሑፉ ግን እንዳጓጓው ገልጾ ከየት ቢጀምር እንደሚሻል ጠየቀ። እኔ ሳልደርስ መልስ 2 ደረሰለት። ፒያሳ መብራት ሲጠፋ የየሱቁ ጄኔሬተር እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ሲነሳ ቆሞ እንዲሰማ፣ መግቢያ እንደማይከፈልበትና መቅረጫም እንደማያስፈልገው መከረው። በክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ ላይክ ያገኘው ይሄ ነው። እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ሰውዬው ሳያስበው ጥሩ ምክር ሰጥቷል።

መልስ 3 ቆጣ ብሎ መጣ። ጥያቄው ከሥሩ ትክክል አይደለም ባይ ነው። ብዙው ኖይዝ ቤት ውስጥም ሲቀዳ አንዴ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሳይቋረጥ ነውና፣ ስቱዲዮና ላይቭ ብሎ መክፈል ከዘፈን ዓለም የመጣ ልማድ ነው ይላል። ማሳሚ አኪታን አነሳ። መርዝቦው በሚል ስም ከ1979 ጀምሮ ቶኪዮ ውስጥ ቤቱ ተቀምጦ ሲቀዳ፣ ካሴቱን በፖስታ ሲልክ ቆይቶ፣ በ2000 ሥራዎቹ 50 ሲዲ ሆነው በአንድ ሳጥን የወጡለት ሰው ነው። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ላይቭ ያልሆነው የቱ ነው ሲል ጠየቀ። እሱ እንደሚለው መጠየቅ ያለበት ሰው ፊት የተሠራ ነው ወይስ ብቻውን የሚለው ነው። ነጥቡ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም እኔን የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም። ሰው ፊት የቆመ አቅራቢ የድምፅ መቀየሪያ ፔዳሉ ቢበላሽበት አቁሞ እንደገና መጀመር አይችልም፣ የተበላሸውን ይዞ መቀጠል አለበት። ቤቱ ያለው ቴፑን መልሶ ይደመስሳል።

ከዚያ መልስ 4 መጣና ክሩን ከፍልስፍና ወደ ገመድ አወረደው። ጸሐፊው ሳውንድ ማን ነው፤ ሠርግም ኮንሰርትም ይሠራል፣ ኖይዝ ግን አይወድም። በማያገባኝ ልግባ ብሎ ጀመረ፤ ከሱ የበለጠ የሚያገባው ግን አልነበረም። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ አቅራቢው ፔዳሎቹን ከጊታር አምፕ (ማጉያ) ጋር ካያያዘና አምፑ ፊት ማይክ ካልተተከለ፣ ሚክሰሩ ያንን ድምፅ ጨርሶ አያውቀውም። ተመልካቹን የሚያናውጠው በቀጥታ ከአምፑ የሚወጣው ነው፤ ሚክሰሩ ጋ የደረሰው ግን የአቅራቢው ጩኸትና ምናልባት አንድ ሁለት መሣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሚክሰር የተወሰደው ቅጂ ንጹሕ ቢሆንም በዚያ ቀን ማንም ያልሰማው ነገር ነው አለ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ አነበብኩ። ቀጥሎ ግን ተመልካቹ መሀል በስልክ የሚቀዳውንም አልማረውም። ስልክ ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ጫጫታ ሲበዛበት ይጨቁነዋል፣ ጸጥታ ሲሆን ያለውን ሁሉ ያነሳዋል። ሌላው ችግር ማይኩ ነው፤ የስልክ ማይክ ወደ 120 ዴሲቤል ሲጠጋ ከምንጩ ይጣመማል፤ ያ ጣመን የአቅራቢው ሳይሆን የስልኩ ፋብሪካ ነው። በስልክ የተቀዳ ኖይዝ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ግድግዳ የሚመስለው በዚህ ምክንያት እንደሆነ፣ ከፍታና ዝቅታው መቅረጫው ውስጥ እንደሚቀር አስረዳ። ሰው በቁም ነገር መቅዳት ከፈለገ መጠኑን በእጅ የሚያስተካክሉበት መቅረጫ ይያዝ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ፣ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ያድርግ፣ ስፒከር ሥር ደግሞ አይቁም፤ ምክሩ ይሄ ነው።

እሱ ጥፋት ብሎ የዘረዘረው ለኔ ከሁሉም የሚጥመው ክፍል መሆኑን ጻፍኩለት። አቅራቢው ድንገት ሲያቆም ስልኩ ሦስት አራት ሰከንድ ይደናገርና ቀስ ብሎ አዳራሹን ያነሳዋል፤ የአንዱ ሳል ከአምፑ እኩል ይገዝፋል፣ መሬት ላይ ጠርሙስ ይንከባለላል፣ አንድ ሰው አለቀ እንዴ ብሎ ይጠይቃል። ይህንን የትኛውም ስቱዲዮ አይሠራልህም። ሳውንድ ማኑ በትሕትና መለሰ። አንተ የምትወደው ኖይዙን ሳይሆን የስልኩን ስህተት ነው፤ እሱን ከወደድክ በማንኛውም ሠርግ ላይ እኔ በነፃ እሰጥሃለሁ አለ።

መልስ 6 ስለ ጣመን የተነገረው ሁሉ አንድ ላይ መታየት የለበትም ብሎ ካሴትንና ዲጂታልን ለየ። ካሴት ከአቅሙ በላይ ድምፅ ሲገባበት ቀስ በቀስ ይሞላል፣ ጫፉን ያለሰልሰዋል፣ ድምፁ ይወፍራል። ዲጂታሉ ዜሮ ላይ ሲደርስ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም። የሰባዎቹና የሰማንያዎቹ ላይቭ ቅጂዎች ዛሬም ሥጋ ያላቸው የሚመስሉት በዚህ ነው አለ። እንግሊዞቹ ትሮቢንግ ግሪስል ከ1975 እስከ 1981 በነበሩበት ጊዜ የመድረክ ሥራቸውን በተራ ካሴት እየቀዱ 24ቱን በአንድ ሻንጣ አድርገው መሸጣቸውን አስታወሰ። ካሴት አስቀድቶ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም ሲልም ጨመረ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ተቀድቶ ተቀድቶ እጃችን የገባው ዘፈን ግማሹ ሽሽታ ነበርና። ልክ ነው።

መልስ 7 እስካሁን ስመለስበት የምገኝ ነው። የኤሌክትሪክ ምህንድስና የምትማር ልጅ ናት። የጃፓን የመብራት ኃይል ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ጻፈች፤ ቶኪዮና ምሥራቁ 50 ሄርዝ፣ ኦሳካ፣ ኪዮቶና ምዕራቡ 60 ሄርዝ። ገመዱ በደንብ ያልታሰረ አምፕ የሚያሰማው ሃም፣ ያ የማያቋርጥ ጉርምርምታ፣ ከዚህ ይወጣል፤ በሃምሳው አገር 50ና 100፣ በስድሳው 60ና 120። እናም ላይቭ ቅጂ ውስጥ አቅራቢው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሃም ሰምቶ የተቀዳው ቶኪዮ ይሁን ኦሳካ መለየት ይቻላል። የኛም 50 ነው፤ ስለዚህ የቶኪዮ ላይቭ አዲስ አበባ ላይ በሃም በሚያጉረመርም ስፒከር ሲከፈት ሁለቱ ሃሞች አንድ ቁመት ላይ ይገናኛሉ፣ የኦሳካው ሲከፈት ግን ይጣላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለማንበብ ነው ሰው ክር የሚከፍተው።

መልስ 8 ወዲያው አረማት። የካሴት ፍጥነት ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ፣ ትንሽ የዘገየ ቴፕ 60ውን 57 ሊያደርገው ይችላል፤ በዚያ ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀዳ አይታወቅም። እሷም ተቀበለችው፤ 57 ግን አሁንም ለ60 ይቀርባል እንጂ ለ50 አይቀርብም ብላ ዘጋችው።

መልስ 9 ስለ አፈ ታሪኩ ነው። ላይቭ ቅጂ የሚያጓጓው በጆሮ አይደለም፣ በወሬ ነው ይላል። የጃፓኑ ቡድን ሃናታራሽ በ1985 ቶኪዮ ውስጥ አንድ አዳራሽ ላይ ሲያቀርብ መሪው ያማታካ አይ ኤክስካቫተር እየነዳ ግድግዳ አፍርሶ መግባቱን የማያውቅ የኖይዝ ሰማዒ የለም፤ ይህን ወሬ ሳይሰማ ከዚያ ዘመን የተረፈ ካሴት ቢከፍቱለት ግን ማንም ከሌላው ጫጫታ አይለየውም ባይ ነው። ከዚህ በኋላ እስከ 13 ድረስ ስድብ ስለሆነ አልፈዋለሁ። አንዱ ጆሮዬን፣ ሌላው አስተዳደጌን ጠረጠረ፤ ሦስተኛው ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ ተረተብኝ፤ አራተኛው ለሦስቱም ላይክ ብቻ ሰጥቶ ሊሄድ ሲል ሐሳቡን ቀየረና እሱም ጻፈ።

መልስ 14 በገና የምትማር ሴት ናት፣ አራት ኪሎ አካባቢ። በገና ላይ አሥሩ አውታሮች የሚያርፉበት ቦታ እያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ እንደሚገባ፣ እንዝራ እንደሚባል፣ የበገናው ድምፅ ነዘር ያለ የሚሆነው በሱ ምክንያት እንደሆነ አስረዳች። ቆዳውን ብታወጣው አውታሩ ይጠራል፣ ነገር ግን በገና መሆኑ ይቀራል። መምህሯ ጣቷን ከማስተማሩ በፊት እንዝራውን አውታሩን ነካ አይነካ ብሎ ማስተካከል ነበር ያስተማራት። ስቱዲዮ ስትቀዳ ደግሞ ባለሙያው ንዝረቱን የመሣሪያ ብልሽት መስሎት ሊያጠራው ሞከረ፤ እሷ እንዲተወው ለመነችው። ጥሩ ድምፅ ማለት ጥርት ያለ ድምፅ ነው የሚለው እዚህ አገር ከየት መጣ ስትል ጠየቀች።

ይህን ያህል ግሩም ነገር ጽፋ ያገኘችው መልስ 15ን ነው። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፣ ዳዊት የደረደረው ነው፣ ከዚህ የሰይጣን ጩኸት ጋር ማወዳደር ነውር ነው፤ አድሚኑ ጽሑፉን ያንሳው። በ16 እሷው ተረጋግታ መለሰች። ያወዳደረችው የቆዳ ቁራጭን እንጂ ጸሎትን አለመሆኑን፣ ወንድሜ ብላ፣ ምናልባት በገና ቀርቦ ሰምቶ ከሆነ ስለ እንዝራው የሚያውቀውን እንዲጨምርላት ጠየቀችው። አልተመለሰም።

መልስ 17 በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው በኋላ ሁሉም ጋሼ ነው ያላቸው። በሕይወታቸው ለዚህ ነገር የቀረበ የሰሙት የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ነው። ሽለላን በሳክስፎን ሲያወጣው ዜማው ይሰነጠቃል፣ ይጮኻል፣ ትንፋሹ ከኖታው ይበልጣል፤ ሸላይ ለጦርነት ሲነሳ ድምፁ እንዲያምር አይጨነቅም። እና ሸክላው ላይ ያለውን ጌታቸውን መድረክ ላይ ከሰሙት ጋር ማነጻጸር አይቻልም አሉ። መድረክ ላይ ያለው ሰው ያስፈራ ነበር። ከዚያ ሆላንዶቹ ዘ ኤክስ ከጌታቸው ጋር መሥራታቸውን አንስተው፣ ኖይዝ ተጫዋቾች ከሰው ሁሉ መርጠው እሱን የወሰዱት ያለ ምክንያት አይደለም አሉ። መልስ 18 ጋሼን በአክብሮት አረማቸው፤ ዘ ኤክስ ኖይዝ ሳይሆን ከፐንክ የመጡ ናቸው፣ ጌታቸውን አምስተርዳም የጋበዙት ለ25ኛ ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ አብረው የሠሩት አልበም ደግሞ በ2006 ወጣ። እርማቱ ትክክል ነው፤ የጋሼን ነጥብ ግን አይነካውም። የዘ ኤክስ ጊታር ስንት ሰዓት ሙሉ ዜማ ሳይነካ እንደሚሄድ የሰማ ሰው ስሙ ላይ አይከራከርም።

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ለቀቀ። መልስ 19 ካዛንቺስ የነበረውን ፈንዲቃን አነሳ፤ አዝማሪው፣ እስክስታው፣ ከውጭ የመጣ ጃዝና እንግዳ ድምፅ ሁሉ በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ይጋጠም ነበርና፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኖይዝ ላይቭ የሚቀዳበት ቦታ ቢፈለግ እሱ ነበር አለ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። መልስ 20 ደግሞ ስለ መፍረስ ካነሳን ብሎ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ኤክስካቫተሮቹን ለረጅም ጊዜ እንደቀዳ፣ ቆርቆሮው ሲቀደድና ግንቡ ሲወርድ ከየትኛውም የጃፓን ላይቭ የማያንስ ነገር መቅረቱን፣ ሊያወጣው እንደሚያስብ ጻፈ። ከሃናታራሽ ጋር ያያዘው መስሎታል።

መልስ 21 ከክሩ ሁሉ የከረረው ነው። ያ ያጓጓህ ድምፅ የአያቴ ቤት ነው አለ። ሴትዮዋ አርባ ምናምን ዓመት የኖሩበት፣ እሱ የተወለደበት። ያማታካ አይ ያፈረሰው ሰው ሊያየው ገንዘብ ከፍሎ የገባበትን አዳራሽ ነው፤ እዚያ ያለው ሁሉ ፈቅዶ የመጣ ነው። እዚህ ማንም ቲኬት አልቆረጠም። ኖይዝ ብለህ ስም ለጥፈህ ብታወጣው ፈልጌ አገኝሃለሁ ብሎ ጨረሰ። 20 ላይ የጻፈው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሆኖም ቅጂውን አላጠፋም። እኔ እንደሚመስለኝ ማጥፋትም የለበትም። ግን ተጫዋች የሌለው ድምፅ ነው፤ የኖይዝ ላይቭ ውስጥ ጆሯችን ሳያውቀው የሚፈልገው አንድ ሰው አሁን ወሰነ፣ አሁን ፈራ፣ አሁን ተሸነፈ የሚለውን ነው። ኤክስካቫተሩ ነጂ አለው፣ ነጂው ግን ለማንም አልተጫወተም። ልጁ የተቆጣበት ምክንያት ከዚህ የከበደ መሆኑን አውቃለሁ፣ እሱ ላይ የምጨምረው የለኝም።

መልስ 22 ውጥረቱን ሊያበርድ ይመስላል ወደ ታሪክ ተመለሰ። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሩሶሎ በ1913 የጫጫታን ጥበብ መግለጫ ጽፎ፣ ጩኸት የሚያወጡ ሣጥኖች ሠርቶ በ1914 ሚላኖ ላይ ሲያቀርብ አዳራሹ ውስጥ ቡጢ ተሰናዝረዋል። ከዚያ ምሽት የተቀረ ድምፅ የለም። የቀረልን ወንድሙ አንቶኒዮ በ1921 ከኦርኬስትራ ጋር ያስቀዳው ነው፤ ሣጥኖቹ ከቫዮሊኑ ጀርባ ያጉረመርማሉ፣ ጨዋ ነው። መሣሪያዎቹም ጠፍተዋል። ላይቭ ቅጂ ባለመኖሩ ምን እንደቀረብን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም አለ። መልስ 23 የአሜሪካዊውን የሮክ ሙዚቀኛ የሉ ሪድን ሥራ አመጣ። በ1975 በጊታር ፊድባክ፣ ጊታሩ የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ መልሶ ሲቀበል በሚወጣው ጩኸት፣ ብቻ የሠራው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ስንት ዓመት ሰው መድረክ ላይ ሊሆን አይችልም ሲለው ቆይቶ፣ ኡልሪሽ ክሪገር የሚባል ሙዚቀኛ ፊድባኩን ቁጭ ብሎ ወደ ኖታ ገለበጠው፤ ዛይትክራትሰር የተባለው የጀርመን ቡድን በ2002 በርሊን ላይ በቫዮሊን፣ በአኮርዲዮንና በመለከት ተጫወተው፣ ሪድም አብሯቸው ወጣ። ላይቩ ከስቱዲዮው የበለጠ የሆነው ሰዎቹ ሲደክማቸው ስለሚሰማ ነው ሲል ደመደመ። በዚህ እስማማለሁ።

መልስ 24 ሐኪም ናት፣ ወይም እንደዚያ ትጽፋለች። ለጆሮ የሚፈቀደው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው አለች፣ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ የተፈቀደው 15 ደቂቃ ነው። ኖይዝ አዳራሽ ከዚህ ያልፋል። ጆሮ ውስጥ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነበር፤ እሷ ግን ለዚህ ተጠቀመችበት። ጥጥ ሳይሆን መድፈኛ ግዙ ብላ ሄደች።

የሷን ይዞ መልስ 25 እስካሁን ያልተመለሰልኝን ነገር ተናገረ። ላይቭ ቅጂ የሚጥመው አደጋው ስለተወገደለት ነው አለ። አዳራሹ ውስጥ ድምፁ ደረትህ ላይ ይቆማል፣ ማምለጫው በር ብቻ ነው፤ ቤትህ ግን መቀነሻው እጅህ ላይ ነው። ክፍሉ ራሱ ሥራው ነው ካልክ፣ ክፍሉን በጆሮ ማዳመጫ አሳንሰህ ሻይ እየጠጣህ የምትሰማው ምኑን ነው? ከኋላ የቀዳው ሰውም ቢሆን ያስቀረልህ የፍርሃቱን መልክ እንጂ ፍርሃቱን አይደለም። በ26 መልስ ሰጥቼዋለሁ፤ ቅጂው የሚያስቀረው ፍርሃቱን ሳይሆን ፍርሃቱ ሰዎቹን ምን እንዳደረጋቸው ነው፣ ሲጮኹ፣ ሲስቁ፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ። አልረካም፣ እኔም ሙሉ በሙሉ ያሳመንኩት አይመስለኝም።

መልስ 27 የካሴት ዴክ ይሸጣል፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው፣ በቀኝ በኩል ያለው ትንሽ ያፏጫል የሚል ማስታወቂያ ነው። አድሚኑ ሊያነሳው ሲል የሃሟ ልጅ ፍጥነቱ ልክ መሆኑን ጠይቃ ዋጋ መደራደር ስለጀመረች ተወው።

መልስ 28 ሳውንድ ማኑ ተመለሰ። ክርክሩ በወሬ እንደማይፈታ፣ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንድ የሚያውቀው ትንሽ አዳራሽ እንዳለ፣ ፔዳል ያለው ሰው ካለ እሱ ሚክሰሩን በነፃ እንደሚሠራ ጻፈ። አንድ ቅጂ ከሚክሰሩ፣ አንድ ከኋላ በመቅረጫ፣ አንድ ከኋላ በስልክ፤ ከዚያ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነገር ክሩ ላይ ተጭኖ ሰው ይምረጥ። መልስ 29 ሦስቱ ቅጂዎች የድምፅ መጠናቸው እኩል ካልተደረገ ሰው ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ስለሚመርጥ ውድድሩ ዋጋ የለውም አለ፤ ሳውንድ ማኑ ግን የስልኩን ቅጂ መጠን ማስተካከል ማለት ስልኩ የሠራውን መንካት ነውና እኔ እንደማልፈቅድለት ቀድሞ ያውቃል። አልፈቅድም። ፔዳል ያለው ሰው እስካሁን አልመጣም።